ሮም ለገበያ የምትሄዱ፣ ጠይቁኝ

ጫማ ሰፊው፦ ሰላም ለሁላችሁ። "ዘመድ ሮም እየሄደ ነው፣ የት ይግዛ?" የሚል ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ለብቻ መመለስ አልቻልኩም። ዛሬ ከሰዓት ሥራ የለኝም፤ ጠይቁ፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ሮም ከገባሁ 19 ዓመት ሆነኝ። 11ዱን ዓመት ጫማ ጥገና ቤት ነው የሠራሁት። ስለ ጫማና ስለ ቆዳ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ስልክና ሽቶ ላይ ግን ብዙ አትጠብቁኝ።

ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር ያዙልኝ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከሱቅ አትውጡ። ከመንገድ ላይ የብራንድ ቦርሳ አትግዙ። ጫማ ስታነሱ መጀመሪያ ገልብጡት።

ቦሌ 24፦ ሮም ጥሩ ሱቅ የት ነው?

ጫማ ሰፊው፦ የምን ሱቅ? ለማን? ስንት ይዘህ? እንዲህ ተብዬ ስጠየቅ ምን ልመልስ? አብራራና ተመለስ።

ሳራ ከሐዋሳ፦ ጋሼ ሰላም። ለአባቴ ጫማ ልገዛ ነው። ሮም የምቆየው 3 ቀን ብቻ ነው። የያዝኩት 150 ዩሮ ነው። እውነተኛ ቆዳ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጫማ ሰፊው፦ እህቴ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ተቀመጪ፣ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ምልክቱን ፈልጊ። አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ ጫማ ከምን እንደተሠራ የሚናገር ትንሽ ምልክት ሊኖረው ግድ ነው። አንዳንዱ ሶሉ ላይ ታትሞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ላይ የተለጠፈ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ይንጠለጠላል። ለፊቱ፣ ለገበሩና ለሶሉ ለየብቻ ነው የሚጻፈው። የተዘረጋ ቆዳ ቅርጽ ካየሽ ቆዳ ነው። ዳይመንድ የመሰለ አራት ማዕዘን ካየሽ ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ። መረብ የመሰለው ጨርቅ ነው። የቆዳው ቅርጽ መሃሉ ላይ ትንሽ ዳይመንድ ካለበት ደግሞ ቆዳው ላይ ሌላ ነገር ተለብጦበታል ማለት ነው። ፊቱ ቆዳ ሆኖ ገበሩ ፕላስቲክ የሆነ ጫማ ሞልቷል። እግር የሚያልበው በገበሩ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም እዪ።

ሁለተኛ፣ "ቬራ ፔሌ" የሚል ማህተም አያታልልሽ። እውነተኛ ቆዳ ማለት ነው፤ ጥሩ ቆዳ ማለት ግን አይደለም። ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ላይና ታች ሽፋን ተደርጎ ይከፈላል። የላይኛው፣ ፀጉሩ የነበረበት ሽፋን ነው ጠንካራው። እሱን "ፒዬኖ ፊዮሬ" ይሉታል። የታችኛው "ክሮስታ" ይባላል። ክሮስታን ቀለም ቀብተው፣ አለስልሰው ሲያቀርቡት አዲስ እያለ ያምራል። ከጥቂት ወር በኋላ ግን መታጠፊያው ላይ ይሰነጣጠቃል። በአውራ ጣትሽ ፊቱን ጫን አድርጊው። ጥሩ ቆዳ ቀጫጭን መስመር ያወጣና ስትለቂው ይመለሳል። ፕላስቲክ ዝም ብሎ ይጎደጉዳል።

ሦስተኛ፣ ገልብጪው። ከዚያ እጅሽን ውስጡ አስገቢ። የውስጡ መርገጫ ላይ፣ በጠርዙ ዙሪያ የሚሄድ የክር ስፌት በጣትሽ ካገኘሽ ሶሉ ተሰፍቷል። ጣሊያኖች ብዙ ጊዜ የሚሰፉት እንደዚህ ነው። ስፌት ካላገኘሽ ብዙ ጊዜ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ነው። የተጣበቀ ሁሉ መጥፎ ነው አልልሽም፤ እንደ ጥራቱ ነው። ግን ሶል ላይ ለይምሰል የተሳለ ስፌትም አለ። ውስጡን ሳታዪ ውጪውን አትመኚ።

ይህን ሁሉ የምልሽ በምክንያት ነው። ሮም በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ለአባቴ ጥቁር ጫማ ገዝቼ ላክሁ። ሱቁ ትልቅ መንገድ ላይ ነው፣ መብራቱ ያምራል፣ እኔም ለመግዛት ቸኩዬ ነበር። ሐምሌ ላይ፣ በዚያ ዝናብ፣ የቀኙ ሶል እንደ አፍ ተከፈተ። አባቴ አልነገረኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ስገባ ጫማውን አልጋ ስር አገኘሁት። በማስቲሽ አጣብቆ፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ ጋዜጣ ጠቅጥቆበት አስቀምጦታል። ልጄ የላከልኝ ነው ብሎ መጣል አልሆነለትም። ጫማ ሥራ ልማር ያልኩት ያን ቀን ነው።

የት እንደምትገዢ ልንገርሽ። ፕራቲ ሰፈር ቪያ ኮላ ዲ ሪዬንዞ ሂጂ። በሜትሮ ኤ፣ ማለትም በምድር ውስጥ ባቡሩ ኤ መስመር፣ ሌፓንቶ ወይም ኦታቪያኖ ትወርጃለሽ። የሰፈሩ ሰው ራሱ የሚገዛበት መንገድ ስለሆነ ግፊያው ከመሃል ከተማ ይሻላል። ሁለተኛው ቴስታቾ ገበያ ነው። የምግብ ገበያ ቢሆንም የጫማ መደቦች አሉት፤ የድሮው ገበያም በጫማ የታወቀ ነበር። በፈረንጆቹ 2012 ወደ አዲሱ ህንጻ ነው የዞረው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከመምጣትሽ በፊት አባትሽ ማታ ማታ ወረቀት ላይ ቁመው የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ አስምሪ። ማታ እግር ያብጣል፤ ትክክለኛው ልክ ያኔ ነው የሚገኘው።

ሳራ ከሐዋሳ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዛሬ ማታ አደርገዋለሁ።

ቦሌ 24፦ እሺ፣ አብራርቻለሁ። ለራሴ ልብስ፣ ሸሚዝና ሱሪ። መካከለኛ ዋጋ።

ጫማ ሰፊው፦ ቪያ ዴል ኮርሶ። ከፒያሳ ቬኔዚያ እስከ ፒያሳ ዴል ፖፖሎ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ሌላ አገርም የምታገኛቸው የሰንሰለት ሱቆች ናቸው ግራና ቀኙን የሞሉት። በጎን የምታየው ቪያ ኮንዶቲ የሀብታም ነው፤ እሱን መስኮቱን እያየህ እለፍ።

ቁጥር ላይ ተጠንቀቅ። የወንድ ሱፍ 50 ጀርመንም ጣሊያንም 50 ነው። የሴት ግን ይለያያል። የጣሊያን 42 ፈረንሳይ 38 ነው፣ ጀርመን 36። ለእህቴ ልላክ ብለህ ቁጥሩን ብቻ አይተህ እንዳትገዛ።

ማሂ፦ ስልክ ሮም ይረክሳል?

ጫማ ሰፊው፦ አላውቅም። የስልክ ሰው አይደለሁም።

ማሂ፦ ሽቶስ?

ጫማ ሰፊው፦ እሱንም አላውቅም እህቴ።

ተስፋ 6 ኪሎ፦ ድልድዮቹ አካባቢ ጨርቅ ላይ ዘርግተው የሚሸጡት ቦርሳዎች እንዴት ናቸው? አንድ ጓደኛዬ በ40 ዩሮ ገዝቶ ማንም አላወቀበትም።

ጫማ ሰፊው፦ አትግዛ። ከላይ ጽፌያለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ። ፎርጅድ ነው። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ሕጉ ሻጩን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ገዢውንም ይቀጣል። ቅጣቱ እስከ 7,000 ዩሮ ይደርሳል። ቱሪስት ነኝ፣ አላወቅኩም ማለት አያድንህም። በ40 ዩሮ ከታዋቂ ድርጅት ቦርሳ እንደማይገኝ ማንም ያውቃል ይሉሃል።

እናት ዓለም፦ ልጆቼ፣ እነዚያ ሻጮች እኮ ስደተኞች ናቸው። እንደኛው በረሃ አቋርጠው የመጡ ናቸው። ዳቦ መብላት የለባቸውም? አምስት ዩሮ ብንሰጣቸው ምን አለበት?

ተስፋ 6 ኪሎ፦ ልክ ነዎት እማማ። እኔም እሱን አስቤ ነበር።

ዳኒ ዲሲ፦ አዘኔታ ሌላ፣ ሕግ ሌላ። ትርፉ ከኋላ ላሉት ነው የሚሄደው። ልጆቹ የቀን ፍራንክ ነው የሚያገኙት።

እናት ዓለም፦ የቀን ፍራንክም ቢሆን ለተራበ ሰው ምግብ ነው ልጄ።

ጫማ ሰፊው፦ እማማ፣ የሚሉት እውነት ነው። እኔም በመጀመሪያው ክረምት ከእነሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተኝቻለሁ። ሲሮጡ፣ ጨርቁን ጠቅልለው ሲወድቁ አይቻለሁ። መርዳት የፈለገ ጃንጥላ ይግዛቸው፣ ውሃ ይግዛቸው። የድርጅት ስም ያለበትን ቦርሳ ግን አትንኩ። ያ ቅጣት የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቁጠባ ይበላል።

ሙሽሪት፦ ጋሼ፣ ወርቅ የት ልግዛ? ሠርጌ ጥር ላይ ነው። የጣሊያን ወርቅ ይባላል።

ጫማ ሰፊው፦ የጣሊያን ወርቅ በብዛት 18 ካራት ነው። 750 የሚል ማህተም ይፈለግ፤ ከ1,000 እጅ 750ው ንጹህ ወርቅ ነው ማለት ነው። አጠገቡ የሠሪው መለያ አለ፦ ኮከብ፣ ቁጥርና የአውራጃው ሁለት ፊደል። ሥራቸው ያምራል። ሌላውን ወርቅ ቤት ጠይቂ።

ዱባይ ነኝ፦ ሙሽሪት፣ አትሳሳቺ። ወርቅ ዱባይ ነው። እዚህ በግራም የዕለቱ ዋጋ ተለጥፎ ነው የሚሸጠው፣ የሠሪው እጅ ብቻ ይጨመርበታል። ለዚያውም 21 እና 22 ካራት።

ሙሽሪት፦ እማዬ ግን 18 ነው የሚጠነክረው ትላለች።

ዱባይ ነኝ፦ ሲሸጥስ? 22 ነው ዋጋውን የሚይዘው።

የሚላኖው፦ እሷ የምታጌጥበትን ነው የጠየቀችው፣ አንተ የመሸጡን ታወራለህ።

ዱባይ ነኝ፦ ወርቅ እኮ ለክፉ ቀን ነው!

ጫማ ሰፊው፦ የወርቁን ክርክር ለብቻችሁ አድርጉት። ሙሽሪት፣ ደረሰኝ ያዢ፣ ማህተሙን እዪ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ቀጣይ።

ዳኒ ዲሲ፦ ታክስ ይመለሳል ይባላል። እንዴት ነው?

ጫማ ሰፊው፦ መኖሪያው ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ለሆነ ሰው ይመለሳል። ጀርመን ወይም ስዊድን የምትኖሩ ተስፋ አታድርጉ። ከፌብሯሪ 2024 ጀምሮ ከአንድ ሱቅ ከ70 ዩሮ በላይ መግዛት በቂ ነው። ድሮ ከ154 ዩሮ በላይ ነበር የሚጠየቀው፤ ብዙ ሰው እስካሁን የድሮውን ነው የሚያወራው።

የጣሊያን ታክስ 22 በመቶ ነው። ግን 22ቱ ሙሉ እጅህ አይገባም፤ የሚመልሱት ድርጅቶች የራሳቸውን ይቆርጣሉ። ሱቁ ውስጥ ፓስፖርትህን አሳይተህ ወረቀቱን ያዘጋጁልህ። ዕቃውን አትልበሰው፣ አትጫማው። ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ስትደርስ ሻንጣህን ከመስጠትህ በፊት መጀመሪያ የጉምሩኩን ጉዳይ ጨርስ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሻንጣው ሄዶ "ዕቃው የት አለ?" ሲባል የሚያሳየው የለውም። በፍራንክፈርት ወይም በሌላ የአውሮፓ ከተማ በኩል የምታልፍ ከሆነና ዕቃውን በእጅህ ከያዝክ፣ ከአውሮፓ ኅብረት የምትወጣበት የመጨረሻው አየር ማረፊያ ነው የሚያረጋግጥልህ። ሰዓት ይዘህ ሂድ። ሰልፉ ያደክማል።

ማሂ፦ ታክስ ይመለሳል እንዴ?

ጫማ ሰፊው፦ ማሂ፣ እባክሽ። አንድ መስመር ከላይ ነው። አንብቢ።

የሚላኖው፦ እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። ገበያ ከሆነ ሮም ምን ያደርጋል? ሚላኖ ኑ። ፋሽን እዚህ ነው።

ቦሌ 24፦ ሚላኖ ውድ አይደል?

የሚላኖው፦ ውድም አለ፣ ርካሽም አለ። ምርጫው ግን አይወዳደርም።

ዳኒ ዲሲ፦ ሰውዬው ሮም ለ3 ቀን የሚሄድን ሰው ሚላኖ ሂድ ይላል። ባቡሩ ብቻ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጫማ ሰፊው፦ ሚላኖ ጥሩ ከተማ ናት። ዛሬ ግን ርዕሳችን ሮም ነው።

ኬቢ፦ ያገለገለ የቆዳ ጃኬት እፈልጋለሁ። አዲስ መግዛት አልችልም።

ጫማ ሰፊው፦ ቪያ ሳኒዮ። ሜትሮ ኤ፣ ሳን ጆቫኒ ውረድ፤ ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። ከእሑድ በስተቀር ጠዋት ጠዋት አለ። ሰልባጅ ነው፣ ግን የተመረጠ። ጃኬት ስታነሳ ብብቱን አሽትት፤ የላብ ሽታ ቆዳ ውስጥ ከገባ አይወጣም። አንገቱንና እጅጌው ጫፉን እጠፈው፤ ቆዳ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ዚፑን ሦስት ጊዜ ከፍተህ ዝጋ። ገበሩ ቢቀደድ አትጨነቅ፣ ልብስ ሰፊ ይተካልሃል። ጥሩ ቆዳ ያለው የ20 ዓመት ጃኬት ከአዲስ ፕላስቲክ በብዙ ይሻላል።

ቆዳ ካነሳን፣ ፒያሳ ዲ ስፓኛ አካባቢ ጓንት ብቻ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ባትገዙም ግቡና ንኩት። የኛ የደጋ በግ ቆዳ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት በዓለም ተፈላጊ ነው። እዚያ ቆሜ ለስላሳ ጓንት በያዝኩ ቁጥር የደብረ ብርሃን በግ ነው ትዝ የሚለኝ። ለምን ጓንቱን ራሳችን ሰፍተን አልሸጥንም እላለሁ። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ተስፋ 6 ኪሎ፦ የእሑዱ ገበያስ? ፖርታ ፖርቴሴ የሚሉት።

ጫማ ሰፊው፦ እሑድ ብቻ ነው፣ ትራስቴቬሬ በኩል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሂድ፤ በሮሞቹ አቆጣጠር 7 ሰዓት ማለት ነው። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መነቃቀል ይጀምራሉ። አሮጌ መጽሐፍ፣ ልብስ፣ የብስክሌት ዕቃ፣ የድሮ ሳህን፣ ሁሉም አለ። ዋጋ ይቀነሳል፣ ተከራከር። ቦርሳህን ከፊት አድርግ። እዚያም፣ ሜትሮ ኤ ላይም፣ 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይም ሌባ አይጠፋም። ኪስህ ውስጥ የምትፈልገውን ብቻ ያዝ።

መጀመሪያ ስገባ "ሜርካቶ" ሲሉ ሰምቼ ሆዴ ተላወሰ። ቃሉ የነሱ ነው፣ ትዝታው ግን የኔ። "ሊስትሮ"ም "ታኮ"ም ከነሱ ነው የመጡት።

ኬቢ፦ መርካቶን ጣሊያን ነው የመሠረተው ማለት ነው?

እናት ዓለም፦ በወረራው ጊዜ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስተው ወደ አሁኑ ቦታ ወሰዱት። ነጩና ጥቁሩ አንድ ቦታ እንዳይገበያይ ነበር። አባቴ ይነግረን ነበር።

ቦሌ 24፦ መርካቶን የሠራው ነጋዴው ነው። ጣሊያን ስም ሰጥቶ ሄደ።

ኬቢ፦ ስሙንስ ለምን አንቀይረውም?

ጫማ ሰፊው፦ እማማ ያሉት ትክክል ነው። ነጋዴው ነው የሠራት የሚለውም ትክክል ነው። ስሙን መቀየሩን ግን ለሌላ ቀን። ቀጣይ።

ሙሽሪት፦ ለአዲሱ ቤቴ የቡና ማፍያ፣ ያቺን በምድጃ ላይ የምትጣደውን?

ጫማ ሰፊው፦ ሞካ። ቢያሌቲ የሚባለው ድርጅት በፈረንጆቹ 1933 ነው የጀመራት። የትኛውም የቤት ዕቃ ሱቅ አለች። መጠኗ በስኒ ነው፣ 3 ቢልሽ ሦስት የጣሊያን ስኒ ነው፣ ትንሽ። ለሁለት ሰው 3ቱ ይበቃል። የአሉሚኒየሟ በማግኔት በሚያሞቀው ኢንዳክሽን ምድጃ ላይ አትሠራም፤ ምድጃሽ እንደዚያ ከሆነ የስቲሏን ግዢ። የላስቲኩን ቀለበት ሁለት ትርፍ ያዢ። አገር ቤት የምትፈልጊው እሱን ነው።

የሚላኖው፦ ካስቴል ሮማኖ አውትሌትስ፣ የብራንድ ዕቃ በቅናሽ የሚሸጥበቱ? ይሻላል?

ጫማ ሰፊው፦ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። 3 ቀን ላለው ሰው ግማሽ ቀን ያባክናል። ሳምንት ካለህ ሂድ። እዚያም ቢሆን ጫማውን ገልብጥ።

ማሂ፦ ቅናሽ መቼ ነው?

ጫማ ሰፊው፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት ጊዜ። ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ከነሱ ጥምቀት ዋዜማ አካባቢ፣ እና ጁላይ መጀመሪያ። ሮም ውስጥ ወደ 6 ሳምንት ይቆያል። ሕጉ የድሮውን ዋጋ፣ የቅናሹን መቶኛና አዲሱን ዋጋ አብረው እንዲጽፉ ያዛል። አዲሱ ዋጋ ብቻ ከተጻፈ ጠርጥሪ። ኦገስት አጋማሽ አትምጡ፤ ትንንሾቹ ሱቆች ዘግተው እረፍት ይወጣሉ። ከመሃል ከተማ ውጪ ሰኞ ጠዋትም የሚዘጉ አሉ፣ ምሳ ሰዓትም እንዲሁ።

ተስፋ 6 ኪሎ፦ የገዛሁትን ካልወደድኩት መመለስ ይቻላል?

ጫማ ሰፊው፦ ካልተበላሸ ሱቁ ግዴታ የለበትም። ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ። ብልሽት ከተገኘ ግን የሁለት ዓመት ዋስትና አለህ፣ ደረሰኝ ከያዝክ። ደረሰኝ ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

ኬቢ፦ እንጀራና በርበሬ?

ጫማ ሰፊው፦ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ የሐበሻ ቤቶች አሉ። ቅመም ከሆነ ኤስኩዊሊኖ ገበያ፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ። ኮረሪማ አትፈልግ፣ ከቤት ይዘህ ና።

ማሂ፦ ጋሼ፣ በአጠቃላይ ግን ሮም ምን ይገዛል?

ጫማ ሰፊው፦ ማሂ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢ። ቆዳ። ጫማ፣ ቀበቶ፣ ቦርሳ፣ ከሱቅ፣ በደረሰኝ።

ሳራ ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ አባቴን ወረቀት ላይ አቆምኩት። ግራው ከቀኙ ትንሽ ይበልጣል። ለምንድን ነው የምታስምሪኝ ሲለኝ ዝም አልኩት።

ጫማ ሰፊው፦ ጎበዝ፣ አትንገሪያቸው። በትልቁ እግር ነው የሚገዛው። የግራውን ቅርጽ በመቀስ ቆርጠሽ ያዢ። ሱቅ ውስጥ ወረቀቱን ጫማው ውስጥ አስገቢው። ጠርዙ ከታጠፈ ይጠባል፣ አንድ ቁጥር ጨምሪ። ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ከተረፈ ልካቸው ነው። ለቀኙ ስስ የቆዳ ንጣፍ አብረሽ ግዢ፤ ጫማ ጥገና ቤት ሁሉ አለ። ወረቀቱ እንዳይጨማደድ ፓስፖርትሽ መሃል ሳይሆን መጽሐፍ ውስጥ አድርጊው።